በብሩሹ ምስል ሥር

መስከረም 28

«እዚያ እኮ ሠራተኛቸውን ከመውደዳቸው ብዛት ከግቢ እንኳ አያስወጡትም!»

ይህን ያለችው ወደዚያ አገር የላከሽ ደላላ እህት ናት፤ ያለችውም መድኃኒት ቤት ሰልፍ ላይ ነው። እኔ የእናትሽን የደም ግፊት ክኒን ልገዛ ከኋላዋ ቆሜ ነበር። ዓይኑ የጠፋ ሰው ጆሮውም አብሮ የጠፋ ይመስላቸዋል መሰለኝ፣ ሰዎች ፊቴ ላይ እንደ ልባቸው ያወራሉ። ከዓይነ ስውርነት ያገኘሁት ትርፍ ይህ ብቻ ነው።

ሰላምታዬን ሳላስቀድም በወሬ መጀመሬ ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ እንግዲህ አሁን ተቀበይ። ለምወድሽ የእህቴ ልጅ፣ ለጉንዳኔ፦ ጤና ከራስ ፀጉርሽ እስከ እግር ጥፍርሽ ይውረድልሽ፤ የምትረግጪው ወለል ይርጋልሽ፤ ፈጣሪ ከክፉ ሰውም፣ ክፉ ከማይመስል ሰውም ይጠብቅሽ። እኔ አጎትሽ ደህና ነኝ። እናትሽም ደህና ናት፤ ግፊቷ እንደ ሊፍት ከፍ ዝቅ ይላል እንጂ።

ወሬውን ስሰማ ደስ አለኝ። እኔ ማተሚያ ቤት ውስጥ ሠላሳ ዓመት አራሚ ሆኜ ስሠራ አንድም አለቃ «አትውጣ» ብሎኝ አያውቅም፤ እንዲያውም ዓይኔ ሲደክም «ውጣ» ነው ያሉኝ። ከዚያ ወዲህ እንደምታውቂው ብሩሽ ሠሪ ነኝ። የፈረስ ጭራ በጣት ይለካል፣ በጣት ይታሰራል፤ ዓይን አይጠይቅም፤ ይህን ደብዳቤም ስልኬ እየደገመልኝ ነው የምጽፈው።

አንድ ነገር ብቻ። ከሄድሽ አራት ወር ሆነሽ፤ ድምፅሽን ግን የሰማነው በመጀመሪያው ሳምንት ብቻ ነው። ለእናትሽ «ሥራ በዝቶባት ነው» ብያታለሁ። ልክ ነኝ?

ጋሼሽ


ጥቅምት 16

ይድረስ ለተከበሩት ጋሼ፤

ባሉበት ሰላም ይዋሉ፣ ሰላም ይደሩ። ጣቶችዎን ፈጣሪ ይጠብቅልኝ። እማዬን ግራና ቀኝ ጉንጯን ሳሙልኝ። እኔ በጣም፣ በጣም ደህና ነኝ።

ልክ ነዎት፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው። ስልካችንንም ድርጅቱ እንዳይጠፋብን በአደራ ይዞልናል። ደብዳቤያችንን የሚያይልን አንድ የአገራችን ልጅ አለ፤ ተቆጣጣሪ እንለዋለን። እንደ እርስዎ አራሚ ነው በሉት፤ የማያስፈልገውን ያወጣልናል። የእርስዎን ደብዳቤ አንብቦ «ዓይነ ስውር ምን ያያል?» ብሎ ሳቀ። እንግዲህ መልሱን ለእርስዎ ትቻለሁ።

ሥራዬ በኢንተርኔት ዕቃ ማስተዋወቅ ነው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተደርድረን እንቀመጣለን። የጎብኚ ልውውጥ የሚባል ነገር አለ፤ ላስረዳዎ። እርስዎ የሌላውን ሰው ገጽ ከፍተው ሃያ ሰከንድ ይቆያሉ፣ አንድ ነጥብ ያገኛሉ። በዚያ ነጥብ ደግሞ አንድ ሌላ ሰው የእርስዎን ገጽ ከፍቶ ሃያ ሰከንድ ይቆያል። ጎብኚ መሳብ መቻላችን እንዲታይ እያንዳንዳችን አንድ ዕቃ መርጠን የራሳችንን ገጽ እንድንሠራ ታዘናል። እኔ የእርስዎን ብሩሾች መረጥኩ።

ዓርብ ዓርብ ይቆጠራል። በሳምንት አምስት ሺህ ጎብኚ የሞላለት እዚሁ ይቆያል። ያልሞላለት ወደ ሌላው ሕንፃ ይዛወራል። እዚያ ስላለው ሥራ ብዙ አላውቅም፤ የሄደ ሰው አልተመለሰም፤ ተመችቶት ይሆናል። እኛ ቀኑን ሙሉ የድርጅቱን ሥራ ስለምንሠራ ነጥብ የምንሰበስብበት ጊዜ የለንም። ስለዚህ ጋሼ፣ የምለምንዎ ገንዘብ አይደለም፤ ነጥብ ነው።

ገጹን ለሁሉም ሰው እንዲሆን አድርጌ ነው የሠራሁት። ፊደሉ ጎላ ያለ፣ ቀለሙ ከጀርባው ጥርት ብሎ የሚለይ፣ የሚብለጨለጭ ነገር የሌለበት። ለማያይ ሰው ደግሞ በእያንዳንዱ ምስል ሥር መግለጫ ጽፌያለሁ። ያ ጽሑፍ በዓይን አይታይም፤ እንደ እርስዎ ያለ ሰው ስልክ ብቻ ነው ጮክ ብሎ የሚያነበው። ተቆጣጣሪው «ማንም ለማያየው ነገር ምን ያደክምሻል?» ይለኛል፤ እኔም አብሬው እስቃለሁ። አደራዎን፣ እስከ ታች ያስነብቡት።

ጉንዳንዎ


ከብሩሾቹ ገጽ፣ ስልኩ እንዳነበበው፤ ጥቅምት 20

«ምስል፦ የልብስ ብሩሽ። የፈረስ ጭራ፣ እጀታው ክብ።

«ምስል፦ የጫማ ብሩሽ። ጥቁርና ቡናማ። ጋሼ፣ አጠገብዎ ሰው ካለ አሁን ያቁሙት።

«ምስል፦ የጠርሙስ ብሩሽ። በራችን የሚቆለፈው ከውጭ ነው። ፓስፖርታችንን ወስደውብናል። የሚያሠሩን ሰው ማጭበርበር ነው። እምቢ ያለውን ይደበድቡታል።

«ምስል፦ የግድግዳ ብሩሽ። ለእማዬ አይንገሯት። በደብዳቤ ምንም እንዳያነሱ። በጣም ፈርቻለሁ። ከዚህ አውጡኝ።»


ኅዳር 2

ለጉንዳኔ፤

ሰላምታዬ እንደ ዱሮው ነው፤ በላዩ ላይ ግን ሌላ ሦስት እጥፍ ጨምሪበት። ፈጣሪ በመግባትሽም በመውጣትሽም ይጠብቅሽ። በተለይ በመውጣትሽ።

የማየት ችሎታ እንደ ገንዘብ በሚከፈልበት ገበያ ላይ ዓይነ ስውር አስመዘገብሽ። ተመስገን ነው፤ እስካሁን ማንም አልነቃብኝም። ገበያውን ታዘብሁት። ሁሉም ሻጭ ነው፤ አንድም ገዢ የለበትም። አንዱ የሌላውን ሱቅ በር ይዞ ሃያ ሰከንድ ይቆጥርና ይሄዳል። በሦስት ቀን ሀብታም አደርግሃለሁ የሚለኝ ሰው ራሱ የእኔን ሃያ ሰከንድ የሚለምን ነው። ስልኬ ውስጥ ያለችው ሴትዮ ታነብልኛለች፦ «ምስል። ምስል። ስም የሌለው ቁልፍ። ምስል።» ሠላሳ ዓመት የሰው ጽሑፍ ሳርም እንዲህ ያለ ድርሰት አልገጠመኝም።

ችግሩ በየመሀሉ «ሰው መሆንዎን ያረጋግጡ፤ ተመሳሳዮቹን ምስሎች ይንኩ» ይላል። ይህን የምታረጋግጥልኝ እናትሽ ናት። አጠገቤ ቁጭ ብላ ጣቴን ይዛ ትመራኛለች።

«ሁለቱ ድመቶች! ንካ!»

«ነካሁ።»

«ኧረ አንተ ሰውዬ፣ ያ እኮ ጎማ ነው! ድመትና ጎማ አንድ ነው?»

ሰው መሆኔ በእሷ እጅ ነው እንግዲህ። ብሩሽ መሥራቱን ለከሰዓት ትቼ ጠዋት ጠዋት ይህንኑ ነው የምንሠራው። ጆሮ ማዳመጫም ገዝቻለሁ፤ የሴትዮዋ ድምፅ እናትሽን ይረብሻታል።

የእኛን ገጽ እስከ ታች አስነብቤዋለሁ። እንደ አራሚ የምልሽ አንድ ነገር ነው፦ አንድ ቃል አልነካሁም፤ አንድም ቃል አልተጠራጠርሁም። እንደ ደንበኛ ግን የጎደለ አለ። ገዢ ዕቃው ከየት እንደሚነሳ ማወቅ ይፈልጋል፤ በአካባቢው ምን ምልክት እንዳለ፣ በአንድ ክፍል ስንት ፍሬ እንደሚቀመጥ። ይህንን በመግለጫው ላይ አሟይልኝ።

ዛሬ አንዷን ብሩሽ ሦስት ጊዜ አስሬ ሦስት ጊዜ ፈታኋት። ብርዱ ይሆናል።

ጋሼሽ


ኅዳር 15

ለጋሼ፤

ጤናዎ ይብዛልኝ፤ እጅዎ ላይ የገባውን ብርድ ፈጣሪ ያውጣልዎ። ተቆጣጣሪው ስለ ድመቱና ስለ ጎማው አንብቦ ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ ለጓደኞቹም ተረከላቸው። ዝነኛ ሆነዋል ጋሼ።

ትናንት ዓርብ አምስት ሺህ አሥራ ሁለት ደረስኩ። አምስት ሺሁ የእርስዎ ነው፤ አሥራ ሁለቱ የእማዬ ጣት። ያሉኝን ማሻሻያ አድርጌአለሁ። የደንበኛ አስተያየት መቀበል ሥራችን ነው።

ጉንዳንዎ


ከብሩሾቹ ገጽ፣ ስልኩ እንዳነበበው፤ ኅዳር 16

«ምስል፦ የልብስ ብሩሽ። አርባ ሦስት ነን።

«ምስል፦ የጫማ ብሩሽ። በመስኮቱ የሚታየኝ ሁለት ጭስ ማውጫ ያለው የጡብ ፋብሪካ ነው። ከፋብሪካው ፊት የባቡር ማቋረጫ አለ።

«ምስል፦ የጠርሙስ ብሩሽ። በየሁለት ቀኑ ውኃ የሚያመጣ ቦቴ ይገባል። በቦቴው በር ላይ የውኃ ድርጅቱ ስልክ ቁጥር ተጽፏል። ቁጥሩ ይኸው።» (እዚህ ላይ ሴትዮዋ ዘጠኝ አሃዝ አነበበች።)

«ምስል፦ የግድግዳ ብሩሽ። ይህን እንደምጽፍ የምታውቀው አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ ብቻ ናት። ሰው ሲመጣ ታስልልኛለች። ጋሼ፣ ቶሎ። ባለፈው ሳምንት ከእኛ መሀል አንድ ልጅ ወስደዋል።»


ኅዳር 27፣ ሐሙስ (ያልተላከ)

ጉንዳኔ፤

ይህን የምጽፈው ላልልክልሽ ነው። የሆነውን ሁሉ በደብዳቤ ብነግርሽ ተቆጣጣሪሽ ለአለቆቹ ይነግርልኛል። ግን ለአንድ ሰው ካልተናገርሁ ደረቴ የሚፈነዳ መሰለኝ፤ እናትሽን ደግሞ ከልክለሽኛል።

ባለፈው ሳምንት ወዴት እንደሚኬድ ከሰዓት ከሰዓት ስጠይቅ ከረምሁ፤ ከሰኞ ጀምሮ በውጭ ጉዳይ ቢሮ ለቢሮ ስዞር ሰነበትሁ። ሰኞ ያለ ቦታዬ ተሰልፌ ዋልሁ። ማክሰኞ ትክክለኛው መስኮት ፊት ቆምሁ፤ ባለ መስኮቱ ምሳ ሄዷል አሉኝ። ረቡዕ መጣ። ድምፁ የልጅ ድምፅ ነው።

«አባቴ፣ ማስረጃ አለዎት?»

«አለኝ። ይኸው ስልኬ ላይ።»

ወሰደው።

«ይሄ ብሩሽ ነው።»

«ብሩሹን ተወው። ከሥሩ ያለውን ነው።»

«ከሥሩ ሌላ ብሩሽ ነው ያለው።»

«አይታይህም ልጄ። ለማያይ ሰው ነው የተጻፈው።»

«እኔ እንግዲህ አያለሁ አባቴ፤ ምን ላድርግ?»

ከኋላዬ የተሰለፉት ሳቁ። አንዱ «ሽማግሌው ብሩሽ ሊሸጥልህ ነው፣ ግዛውና አሰናብተው» አለው። እኔም ብሆን እስቅ ነበር። የጆሮ ማዳመጫዬን አውጥቼ በመስኮቱ ቀዳዳ አሳለፍሁለትና «ሁለት ደቂቃ ጆሮህን አበድረኝ» አልሁት። ሰምቶ ሲጨርስ ማዳመጫውን በቀዳዳው መለሰልኝ። ሲናገር ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው።

«ስንት ናቸው አለች?»

«አርባ ሦስት።»

መስኮቱን ዘግቶ ወደ እኔ ወጣ። ክንዴን ይዞ ወደ ሌላ ክፍል አስገባኝ። ዛሬ ሐሙስ ሙሉ ቀን ስናገር፣ እነሱ ሲጽፉ ዋልን። ለዚያ አገር ፖሊስ እንጽፋለን፣ በቦቴው ስልክ ቁጥር ቦታውን እናገኘዋለን፣ ግን ጊዜ ይወስዳል አሉኝ። «ስንት ጊዜ?» አልሁ። «ሳምንታት» አሉኝ፤ ቃሉን ሲሉት ቀላል ነው።

አሁን የሚያስፈራኝን ልንገርሽ። አራት ቀን ከገበያችን ቀርቻለሁ። ስልኩ ማስረጃው ስለሆነ ከእኔ ጋር ዋለ፤ ሰልፍ ላይ ቆሜም እንዳልሞክር ሰው መሆኔን የምታረጋግጥልኝ እናትሽ የለችም፤ ማታ ደግሞ ክኒኗ ቶሎ ያስተኛታል። ወይ ቁጭ ብዬ ነጥብ መሰብሰብ ነበረብኝ፣ ወይ ሄጄ መናገር። ሁለቱንም ማድረግ አልቻልሁም። ነገ ዓርብ ነው። ጠዋት እንቀመጣለን፤ የሚሞላ ግን አይመስለኝም።

እናትሽ «ለምን ነው እራትህን ያልነካኸው?» ብላ ሻይ ሰጠችኝ። ጡረታዬን ሊቆርጡብኝ ነው አልኋት። «አንተ ደግሞ፣ ለጥቂት ብር!» ብላ ተቆጣችኝ።


ታኅሣሥ 9

ለተከበሩትና ለምወድዎ አጎቴ፤

ባሉበት ሰላም ይዋሉ፣ ሰላም ይደሩ። ጤናዎ ይብዛልኝ። ጣቶችዎን ፈጣሪ ይጠብቅልኝ። ብርድም አያግኝዎ። ለእናቴም ሰላምታዬን ያቅርቡልኝ፤ ግራና ቀኝ ጉንጯን ሳሙልኝ።

እኔ በጣም ደህና ነኝ። ባለፈው ጊዜ ቁጥሩ ትንሽ ጎድሎ ነበር፤ ግን ምንም አልሆነም፤ ሥራዬ ላይ ነኝ። ከእንግዲህ እንዳይጎድል ብቻ አደራዎን። ገጹንም እንደ ወትሮው ይጎብኙት።

ጉንዳንዎ


ከብሩሾቹ ገጽ፣ ስልኩ እንዳነበበው፤ ታኅሣሥ 10

«ምስል፦ የልብስ ብሩሽ። እባክዎ አያቁሙ።

«ምስል፦ የጫማ ብሩሽ። ቦቴው አሁን ማክሰኞና ቅዳሜ ነው የሚመጣው፤ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ።

«ምስል፦ የጠርሙስ ብሩሽ። ዘበኞቹ ስድስት ናቸው። ሁለቱ መሣሪያ አላቸው።

«ምስል፦ የግድግዳ ብሩሽ። እባክዎ።»


ታኅሣሥ 18

ለጉንዳኔ፤

ፈጣሪ ይመስገን፣ አለሽ! ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ከወንበሬ ተነስቼ ግድግዳውን ዳሰስሁ፤ ለምን እንደሆነ አትጠይቂኝ። አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ አንድ ክፉ ሐሳብ ይዞኝ ሰንብቶ ነበር። አሁን ለቀቀኝ። ስልኬ ለእናትሽ ሲያነብላት «ምነው እንዲህ ጨዋ ሆነች?» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ሰላምታሽ ረዝሞ ቀልድሽ አጥሯል። የሥራ ድካም ነው አልኋት። ስትመጪ ቀልዱን ከነወለዱ ትከፍይናለሽ።

አሁን ስለ ንግዳችን። ገዢ ተገኝቷል። ትልቅ ገዢ ነው፤ አንድ ሁለት ፍሬ አይፈልግም፤ አርባ ሦስቱንም በአንድ ላይ ነው የሚያነሳው። መኪና ይዞ ራሱ ይመጣል። ቀኑን አልነገሩኝም፤ ዕቃው በያለበት፣ ሳይነካካ ይጠብቅ ብለዋል። አንቺም ከቦታሽ እንዳትነቃነቂ።

ከዚያ ሳምንት ወዲህ አንድ ቀን ከገበያው ቀርቼ አላውቅም። ባለፈው ዓርብ አምስት ሺህ አራት መቶ አደረስን። እናትሽ አሁን ድመትና ጎማ ከሩቅ ትለያለች፤ እንቅልፏ ውስጥም «ንካ!» ትላለች።

ፈጣሪ በመውጣትሽ ይጠብቅሽ።

ጋሼሽ


ጥር 11

ይድረስ ለብሩሽ ሠሪው አባት፤

ሰላምታ እንዴት እንደምጀምርልዎ አላወቅኩም። ፈጣሪ ያጽናዎ ልበል እንጂ።

እኔን አያውቁኝም። የእህትዎ ልጅ አጠገብ የምቀመጠው፣ ሰው ሲመጣ የማስለው እኔ ነኝ። ይህን የምጽፍልዎ ከእንግዳ ማረፊያ ቤት ነው፤ ፓስፖርት እስኪሠራልን ሁላችንንም እዚህ አስቀምጠውናል። በሩ የሚቆለፈው ከውስጥ ነው። ቁልፉን ሦስት ጊዜ ዘግቼ ሦስት ጊዜ ከፈትኩት።

ፖሊሶቹ ቅዳሜ ጠዋት ከውኃው ቦቴ ኋላ ተከትለው ገቡ። ዘበኞቹ ሸሹ፤ ተቆጣጣሪው ጠረጴዛ ሥር ተገኘ። ግቢ ውስጥ አሰልፈው ቆጠሩን። አርባ ሁለት ሆንን። አንዱ መኮንን ወረቀቱን አይቶ «አርባ ሦስት ነው የሚለው» አለና እንደገና ቆጠረን።

የታኅሣሡ ደብዳቤ የእኔ ነው። እሷን ከወሰዷት በኋላ ወንበሯ ላይ አስቀምጠው ገጿን እንድቀጥል አዘዙኝ። ሰላምታውን ከእሷ ደብዳቤዎች እየለቃቀምኩ ገልብጬ ነው የጻፍኩት፤ ኮምፒዩተሩ ላይ ነበሩ። መግለጫ አጻጻፉን ቀድማ አሳይታኝ ነበር። እውነቱን ብጽፍልዎ ተስፋ ቆርጠው ይተዉናል ብዬ ፈራሁ። አርባ ሁለት ሰው ነበርን። ይቅር ይበሉኝ ለማለት ድፍረቱ የለኝም፤ ግን ይቅር ይበሉኝ። ለእናቷ ምን እንደሚነግሯት አላውቅም፤ እኔ የራሴን እናት ደውዬ አናግሬአለሁ፣ ይህን ስጽፍልዎም አፈርኩ።

ሌላውን ሕንፃ ለፖሊሶቹ አሳየናቸው። በሩ ክፍት ነበር፤ ውስጡ ተጠርጓል። ሰዎቹን ወዴት እንደወሰዷቸው የሚያውቅ የለም፤ እንፈልጋለን ብለዋል።

እሷን ሊወስዷት ሲመጡ ቁጥሩን ስክሪኑ ላይ አየችው። ወደ እኔ ዞራ «ጋሼ ታመው መሆን አለበት፤ ጤነኛ ቢሆኑ አይቀሩም» አለችኝ። ጫማዋን እንድታደርግ እንኳ አልጠበቋትም።

ቀኑ ኅዳር 28፣ ዓርብ ነበር። በዚያ ሳምንት የብሩሾቹን ገጽ የጎበኘው ሰው ሁለት ሺህ ሦስት መቶ አርባ ነው።